ከቅጥሩ ውጭ ይቆም የነበረው ግንበኛ

ያን ቀን ከመቃብሩ ዙሪያ ስድስት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ውጭ አንድ ሰው ነበርን። ልጄ ሰናይት ከራስጌው ቆማ፣ ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ያመጣችውን እብነ በረድ ባንድ እጇ ደግፋለች። ታላቅ ወንድሜ መኮንን ከግርጌው ነው፤ የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ዳኛ ስለሆነ ቀብር ባለበት ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነው። የነፍስ አባቴ አባ ይርዳው ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል፤ በስተቀኝ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፋቸውን በጭናቸው ይዘዋል። ሁለት የቅሬ ሰዎች በስተግራ ሲሚንቶ ያቦካሉ። እኔ ከወንድሜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነኝ። የባለቤቴ የዕድሜ ልክ ወዳጅ ሐጂ ይማም ሙስሊም ስለሆኑ ወደ ውስጥ አልዘለቁም፤ ከበሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆመው በቅጥሩ ላይ አሻግረው ይመለከቱናል። ባለቤቴ ሐጎስ በትዳራችን ዘመን ሁሉ በየእሑዱ ይቆም የነበረው እዚያው ወይራ ሥር ነበር።

እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። አብዛኛው ሰው አያስተውለው ይሆናል። እኔ ሸሚዙን ሳጥብ፣ ልጆቹ እላዩ ላይ ሲንጠለጠሉ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ስበላ የኖርኩት ከዚህ ሽታ ጋር ነው። ሰዎቹ አካፋውን ባነሡ ቁጥር ዓይኔ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ የተሰበሰብነውም ለሙት ዓመቱ፣ የስሙን ድንጋይ ልናቆምለት ነው። በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ። እሱንም አልፈጸምኩለትም። በብርድ ልብሱ ውስጥ ያለው ድንጋይ ለዚያ ማስረጃ ነው።

ሐጎስ ሰቆጣ የመጣው ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ክፍሎች ሲሠሩ ነው። እኔ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ከአበርገሌ ተነድቶ የመጣ ፍየል በአሥራ አምስት ብር ይገዛል፤ ነጩ ማር በቅል ይሸጣል፤ ገዢው ጣቱን ነክሮ ሳይቀምስ ዋጋ አይጠራም፤ ባለ ማሯም ብትቆጣ የቀመሰውን አታስመልሰው። ልጃገረዶች ኮንጎ ጫማ ነው የምናደርገው። በክረምት ጭቃው እንዳያስቀርብን አውልቀን በእጃችን እንይዘውና ትምህርት ቤቱ በር ላይ እግራችንን ታጥበን እናጠልቀው ነበር። እሱ ካኪ ሱሪና እጅጌው እስከ ክርኑ የተጠቀለለ ቴትሮን ሸሚዝ ይለብሳል። ሸሚዙ ሰማያዊ ነው፤ ሁለት ነበረው፤ ሁለቱም ሰማያዊ። ሌሎቹ ግንበኞች ያገኙትን ድንጋይ ያስቀምጣሉ። እሱ ሦስት አራት ጊዜ ያገላብጠዋል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ፊቱን እየፈለግሁ ነው» አለኝ።

«ድንጋይ ፊት አለው?»

«አለው። ያልታየሽ እስካሁን ጀርባውን ብቻ እያሳየሽ ነው።»

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን በመንደራችን ያሉትን የድንጋይ ቤቶች ሳያቸው የትኛው ድንጋይ በፊቱ፣ የትኛው በጀርባው እንደተቀመጠ መለየት ጀመርኩ። እስከ ዛሬም አልተወኝም።

አገሩ ትግራይ፣ አጋመ ነው። ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ካቶሊኮች ናቸው። በእኛ ከተማ በዚያ ዘመን ካቶሊክ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ ገሚሱ ፈረንጅ ማለት ይመስለዋል። ገበያ ውስጥ አንዲት እህል ሻጭ፣ «ፈረንጅ ነው ይሉታል፤ ታዲያ ምነው ጠቆረብን?» ብላ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀችበት። እሱ የእኛን ቋንቋ፣ ኽምጣንኛን፣ እየለመደ ስለነበር በዚያው በተሰባበረ ኽምጣንኛው፣ «ሰቆጣ ፀሐይ ላይ አስጥታኝ ነው» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽላ ስትሰፍርለት አናቱን ሞልታ ነው።

አባቴን ግን ሊያስቀው አልቻለም። ሐጎስ ሽማግሌ በላከ ጊዜ አባቴ እኔን አስቀርቦ ጠየቀኝ።

«ይጾማል?»

«ይጾማል።»

«ማርያምን ያከብራል?»

«መቁጠሪያውን ሳይደግም አይተኛም።»

«ቅዳሴያቸውስ?»

«በግእዝ ነው። የእኛው ነው ይላል።»

«እንግዲያስ ልዩነት ከሌለው ይመለስ።»

ይህን ለሐጎስ ነገርኩት። መዶሻውን አስቀመጠና ሳቀ። «ልዩነት ከሌለው እነሱ ለምን አይመጡም?» አለ። መልሱን ለአባቴ አላደረስኩለትም። በማዘጋጃ ቤት ተጋባን። አባቴ አልመጣም፤ መኮንን መጥቶ ፈረመልኝና ምሳ ሳይበላ ተመለሰ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። በእነዚያ ዓመታት ሐጎስን አንድ ቀን በስሙ አልጠራውም። ሐጎስ ያረደውን ሥጋ አልቀመሰም። አንድ ክረምት የቤቱ የኋላ ግድግዳ በዝናብ ሲናድ ሐጎስ ሳይጠራ ሄዶ አራት ቀን ሠራለት። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ሦስት ክንድ ላይ ያለውን ሰው በእኔ በኩል ያዝዘው ነበር። «ለካቶሊኩ ንገሪው፣ ማዕዘኑ ጠሟል።» ሐጎስም ቱንቢውን ሳያወርድ፣ «ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ የጠመመው አንገታቸው ነው፤ ቀና ይበሉ» ይላል። እኔ ሁለቱንም አላደረስኩም። ማዕዘኑ አልጠመመም ነበር። ያ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል።

ልጆቻችንን ለእኔ ቤተ ክርስቲያን ተወልኝ። ዳንኤል በአርባ ቀኑ፣ ሰናይት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ሐጎስ ከወይራው ሥር ቆሞ ጠበቀ። በሰንበት አራታችንም አብረን እንነሣለን፤ በሩ ላይ የልጆቹን ጫማ ያወልቅና እሱ ይይዘዋል፤ እኛ እንገባለን። ቅዳሴውን ከውጭ ሆኖ በልቡ ይከተላል። ነፋሱ ወደ እኛ በሆነ ጊዜ ተሰጥዎውን ሲመልስ ድምፁን እለየው ነበር። ስንወጣ ጫማዎቹን ከፀሐይ ላይ አሙቆ ያቆየናል። ለራሱ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ቆርቦ፣ ከወንድሞቹ ጋር ሰንብቶ፣ ለእኔ አንድ ነገር ገዝቶ ይመለሳል። አንዴ ጥቁር ጃንጥላ አመጣልኝ። በከተማው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጃንጥላ መሆን አለበት፤ ለዝናብም ለፀሐይም ሳሳሁበት።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በአንድ በኩል ሲፈርስ የሠራው እሱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከካባው ድንጋይ እያወጣ፣ በአህያ እያስጫነ፣ ፊቱን እየፈለገ ገነባው። ሽማግሌዎቹ «እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁት። በቀጣዩ እሑድ ከሠራው ቅጥር ውጭ፣ የልጆቹን ጫማ ይዞ ቆመ። የቅሬውም ሥራ እንደዚሁ ነው። መዋጮውን አጓድሎ አያውቅም፤ ሰው ሲሞት ዶማውን ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ የመቃብሩን ጎንና ጎን በድንጋይ የሚደረድረው፣ ቃሬዛውን በፊት በኩል የሚሸከመው እሱ ነው። ሲቆፍር ሃይማኖቱን የጠየቀው የለም። አባቴንም የቀበረው እሱ ነው።

ሥራ ሲፈታ የሚቀመጠው ሐጂ ይማም ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ዛሬ ባጃጆች ተራ የሚጠብቁበት ማዕዘን ነው፤ ባለ መስተዋት ፎቅ ቆሞበታል፤ ግንቡ የቆርቆሮ ቀለም ነው፣ ፊትም ጀርባም የለውም። ያኔ የሐጂ ሱቅ ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሮበት፣ በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪና ሲያንኳኳ፣ ፋኖስና የፋኖስ መስተዋት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ... የነጭ ጋዝና የአዲስ አቡጀዴ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ከውስጥ አንዲት ሬዲዮ ታንጎራጉራለች፤ ባትሪዋ ሲደክም ሐጂ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። እኔ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ነው የማልፈው። ሁለቱ ሲነቋቆሩ ለመስማት እርምጃዬን አዘገይ ነበር።

«ሐጎስ፣ አንተ እኮ ከእኔ ትብሳለህ» ይሉታል ሐጂ። «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የት እንደምቀበር አውቃለሁ። አንተ የሰውን ሁሉ ጉድጓድ ስትቆፍር የራስህን ረሳኸው።»

«እኔ ስሞት አንተው ሱቅ ውስጥ አስቀምጠኝ። አቡጀዴው እንደሆነ እዚሁ አለ።»

«ደንበኛ ታሸሽብኛለህ።»

«በቁሜም እያሸሸሁብህ ነው።»

ይህ ቀልድ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቀለድ ኖረ። እኔም እስቅበት ነበር።

ሳንባው ሲታመም ሐኪሙ የድንጋይ ብናኝ ነው አለ። ዓመቱ ክፉ ነበር። ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል፤ ስልክ የለም፤ ከወዲያ የመጣ ሰው አገሩን ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ዳንኤል ጅዳ፣ ሰናይት አዲስ አበባ ነበሩ፤ አባታቸው መታመሙን እንኳ አልሰሙም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትራስ ደግፌ አስቀምጬው ሳለ፣ «እታገኝ» አለኝ። በስሜ የሚጠራኝ ነገሩ የምር ሲሆን ብቻ ነው።

«መንገዱ አይከፈትም መሰለኝ።»

«ይከፈታል።»

«ካልተከፈተ የትም ቅበሪኝ። ካባው ጥግ ቢሆንም ግድ የለኝም። የሚፈታኝ ቄስ ከሌለ መቁጠሪያዬን አንቺ ድገሚልኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ በመጨረሻው ዞረ እንዳይባል። ስንት ዓመት ውጭ የቆምኩት ለቀልድ አይደለም።»

«አይባልም» አልኩት። ቃል ሰጠሁት ማለት ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጠዋት ላይ ሞተ።

ሐጂ ይማም ከሁሉ በፊት መጡ። የመግነዣውን አቡጀዴ ራሳቸው ተሸክመው ነው የመጡት። ደጃፌ ላይ ቆመው፣ «ከካባው አጠገብ ያለችው መሬት የእኔ ናት» አሉኝ። «ዕድሜውን ድንጋይ ያወጣባት ናት። እዚያ ይረፍ ካልሽ የልጅ ልጄም አይነካትም።» እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ከዚያ መኮንን ከአባ ይርዳው ጋር መጣ።

«ቅሬው ይወጣል» አለኝ። «ድንኳኑም ይተከላል፣ ሰዉም ያለቅሳል። ቦታው ግን የቅሬ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው። ያልተጠመቀ አያስገቡም።»

«ቅጥሩን የሠራው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አባባን የቀበረው እሱ ነው።»

«እቴ፣ አውቃለሁ አልኩሽ። ካባ ጥግ ትቀብሪዋለሽ? ሰው እንደ ውሻ ተጣለ አይልም? ልጆቹ ሲመጡ ምን ያሳያሉ?»

ያን ጊዜ አባ ይርዳው ከጥግ ተናገሩ። «ቄደር ተጠምቆ ቢሆን ኖሮ ነገር አልነበረውም» አሉ። ቄደር ከሌላ ሃይማኖት ወደ እኛ የሚመለስ ሰው የሚጠመቀው ጥምቀት ነው። ወደ መሬት እየተመለከቱ ቀጠሉ። «ሕመም የጠናበት ሰው በቤቱም ይጠመቃል። እኔ የነፍስ አባትሽ ነኝ። ከአንቺ አፍ የሰማሁትን ነው የምመሰክረው።»

ማንም ዋሺ አላለኝም። ይህን ለአባም ለወንድሜም መመስከር አለብኝ። በሩን ከፈቱልኝ፤ የገባሁት ራሴ ነኝ። ሐጂ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ በሐሰት ምስክርነት የተፈረደበትን ሰው ፋይል ወደ ችሎት የማደርስ እኔ ነበርኩ። ያን ጠዋት የፈራሁት እግዚአብሔርን አልነበረም፤ «እንደ ውሻ ተጣለ» የሚለውን ቃል ነበር።

«ተጠምቋል» አልኩ።

አጣቢዎቹ ከመግባታቸው በፊት መቁጠሪያውን ከጣቶቹ መሐል አወጣሁት። ጫፉ ላይ የተሰቀለው የእነሱ መስቀል ነው፤ ቢያዩት ያውቁታል። የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥሁት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል፣ ካህናቱ ተሰልፈው፣ አባ ይርዳው ጮክ ብለው፣ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ሰው ሲፈታ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ይህን ሁሉ ሳደራጅ ስም የሚያስፈልግ መሆኑን አላሰብኩትም ነበር። የእሱን፣ ዮሴፍን፣ እንዳልል ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ የካቶሊክ ስሙ ነው ይላሉ ብዬ ፈራሁ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ገብረ ኪዳን።»

የአባቴ የክርስትና ስም ነው። መኮንን ፊቱን መልሶ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተ። እንዲህ ሆኖ ሐጎስ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስሙን ሊጠራው ባልፈቀደ ሰው ስም ተጠርቶ አፈር ለበሰ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የቅሬ ልጆች ጎንና ጎኑን በድንጋይ አልደረደሩለትም። የሚችለው እሱ ብቻ ነበር።

ስልኩ ሲከፈት ወሬውን ለልጆቼ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው አድርሶት ነበር። ሰናይት ደውላ ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ፣ «እማዬ፣ እግዚአብሔር መራው እኮ» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ ያስጨንቀኝ ነበር። አባዬ እኛ ካለንበት ባይገባ እያልኩ። አሁን ልቤ ዐረፈ።» ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «ዋናው ጤናሽ ነው» አልኩና ዘጋሁ። ከዚያ በደወለች ቁጥር ይበልጥ ከበደኝ። ባለፈው ዓመት ለአባ ይርዳው በንስሐ ነገርኳቸው፤ ሲሰሙ እንደ አዲስ ነገር ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ልጆቼ ማወቅ አለባቸው ስላቸው ግን፣ «እኔ እስክሄድ ታገሺ፣ ልጄ፤ ሰማንያ ዘመኔን በመጨረሻዋ ቀን አታሳፍሪብኝ» አሉኝ። ታገሥኩ። ትዕግሥት ከፍርሃት ጋር ሲኖር የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

እንግዲህ ሰናይት ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ጥቁር እብነ በረድ ነው፤ ፊደሉ በማሽን ተቆርጦ ወርቅ ቀለም ተቀብቷል። ዳንኤል ከጅዳ፣ እሷ ከአዲስ አበባ ሆነው ተመካክረው ያሠሩት ነው። ከላይ መስቀል አለ። ከሥሩ የሐጎስ ስም፣ ቀጥሎም «ስመ ክርስትናው ገብረ ኪዳን»። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «በመጨረሻ ወደ ቤቱ የገባ» የሚል።

«አመረ፣ እማዬ?» አለችኝ።

«ተስተካክሎ ተቆርጧል» አልኳት።

ሰዎቹ ድንጋዩን አንሥተው አቆሙት። ሲሚንቶውን በግንበኛ ማንኪያቸው ዙሪያውን አለሰለሱት። አባ ይርዳው መጽሐፋቸውን ገለጡና ጸሎቱን ጀመሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አብዛኛውን በቃላቸው ነው የሚሉት። ስሙ የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ አቋረጡ። ቀና አሉ። ወደ ድንጋዩ አልተመለከቱም፤ ወደ እኔ ነው።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉ።

እርጅና አስረስቷቸው ይሁን፣ ወይስ አውቀው በሩን እንደገና ከፍተውልኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

ሰናይት ቀደመችኝ። «ገብረ ኪዳን ነው፣ አባ። ተጽፏል እኮ።»

«ዮሴፍ ነው» አልኩ።

ሲሚንቶውን የሚያለሰልሰው ማንኪያ ቆመ።

«እማዬ?» አለች።

«ገብረ ኪዳን የአያትሽ ስም ነው። አባትሽ አልተጠመቀም። ካቶሊክ ሆኖ ኖረ፤ ካቶሊክ ሆኖ ሞተ። ዞረ እንዳይባል ለምኖኝ ነበር። አባ ይርዳው ከእኔ የሰሙትን ነው የመሰከሩት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

መኮንን በከዘራው መሬቱን ነካ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እቴ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ።

«ይስማ።»

ሰናይት እጇን ከድንጋዩ ላይ አነሣች። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር።

ነጠላዬን አጣፍቼ ሐጎስ በገነባው ቅጥር በር ወጣሁ። ሐጂ ይማም ከወይራው ሥር ፈቀቅ ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ። አልቆምኩም። ቁልቁል ወደ ቤቴ ሄድኩ።